አቤቱታችን የትኛውን በር ያንኳኳ?

(በሰሃላ፣ በነዋሪዎች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል። ያነበበ ላላነበበ ያንብብለት።)



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ጉዳይ ተነሥቶ ሳይቋጭ መበተናችን ይታወሳል። የውሃው ጉዳይ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ቧንቧውም ተዘርግቷል፤ ሞተሩ ግን እስከ ዛሬ አልተገጠመም። ለሚመለከተው አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ጽፈናል። ያገኘነው መልስ «ይታያል» የሚል አንድ ቃል ነው፤ እሱም በአፍ እንጂ በወረቀት አይደለም። እስከዚያው ድረስ እናቶቻችንና ሴቶች ልጆቻችን ጀሪካን አዝለው ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ሽቅብ ይወጣሉ። ከትምህርት ገበታ የቀሩ ልጆች እንዳሉም ሁላችንም እናውቃለን።

በዚያ ስብሰባ ላይ ከመካከላችን «በቃ፣ ለፓርላማ እንጻፍ» ያሉ ነበሩ። «ፓርላማ ደግሞ ለሰሃላ ምን ያደርጋል? ወረቀት ማባከን ነው» ያሉም ነበሩ። ኮሚቴው ሁለቱንም ሐሳብ ይዞ ጉዳዩን ሲያጠና ሰንብቷል። ዛሬ የምናቀርበውም ይኸው ነው፤ አንድ ተራ ዜጋ አቤት ሲል ምክር ቤት ምን ሊያደርግ ይችላል? ምንስ ሊያደርግ አይችልም? እኛስ ምን ብለን፣ ለማን እንጻፍ?

ከቃሉ እንጀምር። «አቤቱታ» የመጣው «አቤት» ከሚለው ቃል ነው። አቤት ደግሞ ሁለት አገልግሎት አለው። የተበደለ ሰው «አቤት!» ብሎ ይጮኻል፤ የተጠራ ሰውም «አቤት» ብሎ ይመልሳል። ጩኸቱም መልሱም አንድ ቃል መሆኑ የሚገርም ነገር ነው። እንግዲህ አቤቱታ ማለት ሁለቱም ወገን አቤት ሲባባል ነው። አንዱ ጮኾ ሌላው ዝም ካለ አቤቱታው ገና ግማሽ ነው ማለት ነው።

በአገራችን አቤት ማለት አዲስ ነገር አይደለም። በዱሮው ጊዜ የዋግ ሰው በደል ሲደርስበት ሰቆጣ ድረስ ሄዶ ከዋግሹሙ ደጅ ይጠና ነበር። ከዚያ በላይ የፈለገ ስንቁን ቋጥሮ እስከ ንጉሡ ግቢ ይሄዳል፣ «ጃንሆይ!» እያለ ይጮኻል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመጨረሻው በር ዙፋን ችሎት ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ በመኪና ሲያልፉ ማመልከቻውን ከፍ አድርጎ ይዞ መንገድ ዳር የሚቆመው ሰው ብዙ እንደነበር በዕድሜ የገፉት አባቶቻችን ያስታውሱታል።

በጽሑፍም ቢሆን መብቱ ነበረ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል አስፍሯል። የተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ያለ ማንኛውም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው አለ። ምክር ቤቶችም ነበሩ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ። ይሁን እንጂ አቤቱታው የሚሄደው ወደ አንድ ሰው ነበር። አንድ ሰው ቢሰማ ቸርነቱ ነው። ባይሰማስ? «ለምን አልሰሙም?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ይህ ጉድለት ምን እንዳስከተለ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በዚያን ጊዜ ዋግ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አንዱ አውራጃ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ጩኸቱ አልጠፋም፤ ገበሬው ከቀዬው ነቅሎ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ ነበር። መንግሥት ግን ነገሩን ሸፋፈነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ፣ ጆናታን ዲምብልቢ፣ የቀረጸው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው ዓለም የሰማው። ቆይቶ በዚያው በ1966 ዓ.ም. መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ባለሥልጣናቱን ስለ ወሎ ረሃብ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ግን የሞተው ከሞተ በኋላ መጣ። ጥያቄ በጊዜው የሚጠየቅበት በር አለመኖሩ የሰው ሕይወት እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ አየን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ «ቀበሌ» የሚለው ቃልም በየሰው አፍ ገባ። በ1980 ዓ.ም. ብሔራዊ ሸንጎ ተቋቋመ፤ የሚመራው ግን በአንድ ፓርቲ ነበረ። ዛሬ የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በአንቀጽ 30 ላይ ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ተደንግጓል። ይህን ያህል ሰው ካልፈረመ አይሆንም የሚል ቁጥርም የለበትም። አቤቱታችን እንግዲህ የማንም ችሮታ ሳይሆን መብታችን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቤቱታ ሲደርሰው ምን ያደርጋል?

ምክር ቤቱ በየዘርፉ የተከፋፈሉ ቋሚ ኮሚቴዎች አሉት፤ ግብርናውን የሚከታተል አለ፣ ጤናውን የሚከታተል አለ፣ ሕግና ፍትሕን የሚመለከት አለ። የመንግሥትን ወጪ የሚቆጣጠረው ኮሚቴ ደግሞ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ያገኘውን ጉድለት ይዞ መሥሪያ ቤቶችን ይጠይቃል። ለአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት የገባ አቤቱታ ጉዳዩ ለሚመለከተው ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ጠርቶ ሊጠይቅ፣ ሰነድ ሊያስቀርብ፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ሊያይ፣ በመጨረሻም «ይህ ይስተካከል» ብሎ አስተያየት ሊሰጥና ለምክር ቤቱ ሪፖርት ሊያቀርብ ይችላል። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ነው። በዚያ አንቀጽ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለመጥራትና ለመጠየቅ፣ የሕግ አስፈጻሚውንም አካል አሠራር ለመመርመር ሥልጣን አለው።

ልብ በሉ፤ መጥራት፣ መጠየቅ፣ መመርመር ነው ያልነው። መስጠት አላልንም። ምክር ቤት መጋዘን የለውም፣ ስንዴ አያድልም፣ ሞተር አይገጥምም፣ ሐኪም አይቀጥርም። ሞተሩ በእጁ ያለውን ሰው ግን ጠርቶ «የሰሃላ ሞተር የት ደረሰ? ገንዘቡስ በየትኛው ዓመት ተያዘ?» ማለት ይችላል። ስለዚህ ለምክር ቤት «ውሃ ስጡን» ብሎ የሚጽፍ ሰው የተሳሳተ ነገር ጠየቀ ማለት ነው። «እገሌ የሚባለው መሥሪያ ቤት በዚህ ጊዜ ይህን ሊሠራ ገብቶ ነበር፤ ለምን እንዳልሠራ ጠይቁልን፣ መልሱንም በጽሑፍ አሳውቁን» ብሎ የሚጽፍ ግን ለምክር ቤቱ የሚችለውን ሥራ ሰጠው። ኮሚቴያችን ከጥናቱ ሁሉ ያገኘው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ቀጥሎ የምንነግራችሁ ምክር ቤቱ የማይችለውን ነው። ሳናውቅ ጽፈን ተስፋ ከምንቆርጥ ከአሁኑ ብናውቀው ይሻላል።

አንደኛ፣ አገራችን ፌዴራላዊ ናት። የክልል ሥራ የክልል ነው፤ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ሥልጣን ማክበር አለባቸው። የወረዳ የውሃ ጉድጓድ በመጀመሪያ የሚመለከተው የወረዳውን ምክር ቤትና አስተዳደር፣ ቀጥሎ ሰቆጣ የሚገኘውን የብሔረሰብ አስተዳደራችንን ምክር ቤት፣ ከዚያ ባሕር ዳር ያለውን የክልሉን ምክር ቤት ነው። ይህን ሁሉ ዘሎ አዲስ አበባ የገባ ወረቀት «የሚመለከተው ክልሉን ነው» ተብሎ ቢመለስ ልንቀየም አይገባም። አባቶች «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይላሉ፤ የተሳሳተ በር ላይ የተጣለ ወረቀትም እንዲሁ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ ለምክር ቤት አይቀርብም። ዳኞች ነፃ ናቸው። የመሬት ክርክር የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ይላል እንጂ የምክር ቤት አባል ሄዶ ፍርዱን ሊያስለውጥለት አይችልም። ይህ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ለእኛ ፍርድ የሚያስለውጥ ተመራጭ ነገ ለባለጋራችን ያስለውጣል።

ሦስተኛ፣ ጊዜ አለው። ምክር ቤቱ ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ነው። የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። በሐምሌ የደረሰ አቤቱታ ምክር ቤቱ ተበትኖ፣ በጀቱም ተደልድሎ ነው የሚያገኘው። በአንጻሩ ምክር ቤቱ ሲዘጋ አባላቱ ወደየመረጣቸው ሕዝብ ይመጣሉ። ያን ጊዜ አዳራሽ ገብተን ማጨብጨብ ብቻ ሳይሆን ወረቀታችንን በእጃቸው መስጠት ይገባናል።

ታዲያ የፌዴራሉ በር ለእኛ ፈጽሞ ዝግ ነው? አይደለም። አንዳንዱ ጉዳያችን የፌዴራል መንግሥትም ጉዳይ ነው። ሦስቱን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ለማጥፋት ቃል ሲገባ ለቃሉ የሰጠው ስም የእኛን ሰቆጣ ነው። የመጀመሪያው ሥራም የተያዘው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ነበር። ሰሃላም የተከዜ ልጅ ናት። ቃል ኪዳኑ ጤናን ብቻ ሳይሆን ግብርናንና ንጹሕ ውሃንም ይጨምራል። ሕፃን የጎደፈ ውሃ እየጠጣ ቢበላም አይፋፋምና። እንግዲህ «በዚህ ቃል ኪዳን መሠረት ለወረዳችን ምን ታቀደ? ምንስ ተሠራ? የተረፈውስ መቼ ይሠራል?» ብለን ብንጠይቅ ከቦታችን አልወጣንም። ስማችን ያለበት ቃል ነው።

ሁለተኛው የድርቅ ጊዜ እርዳታ ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ሰሃላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን እንዴት አድርጎ እንደመታ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ከብቱ አልቆ ሰው ለመሰደድ የተነሣበት ጊዜ ነበር። የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሊጠይቀው ይችላል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራበት ሴፍቲኔትም እንዲሁ የፌዴራል እጅ ያለበት ነው። ነገር ግን «ስሜ ከዝርዝር ተዘለለ» የሚል ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። የአንድ ሰው ስም አዲስ አበባ አይታረምም። የአንድ ወረዳ እህል በመንገድ ቢቀር ግን ያ የምክር ቤት ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አላግባብ ሲያንገላታን ነው። ለዚህ ሕገ መንግሥቱ ራሱ የተለየ በር አበጅቷል፤ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምን። ነገሩ የተጀመረው በስዊድን አገር በ1809 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በዚያን ዓመት የአገሩ ምክር ቤት ሹማምንትን የሚከታተልለት አንድ ሰው እንዲሾም ሕግ አወጣ፤ ብዙ አገሮችም ይህን ተከተሉ። የእኛ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ሲሆን ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው፤ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለም። በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃልም ይቀበላል። ተበዳዩ ራሱ መሄድ ካልቻለ ባል ለሚስት፣ ሚስት ለባል፣ ዘመድ ለዘመድ ሊያመለክት ይችላል። ማንበብና መጻፍ አልችልም፣ አቅም የለኝም ብሎ መቅረት እንግዲህ የለም። ተቋሙ የማያያቸውም አሉ፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ፣ ዋና ኦዲተር በመመርመር ላይ ያለው ጉዳይ፣ የተመረጡ ምክር ቤቶች በሕግ አውጪነታቸው የወሰኑት፣ እንዲሁም የአገር ደህንነትንና መከላከያን የሚመለከት ውሳኔ።

ሌላም ምክር ቤት አለን፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት። እሱ ሕገ መንግሥት የሚተረጉም ነው። ተራ ሰው አይሰማበትም የሚል ካለ ሁለት ነገር እንንገረው። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት በውርስ ክርክር ያለ ፈቃዷ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተዳኘች። እስከ ሰበር ሄደች፤ ተፈረደባት። ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አመለከተች፤ ጉባኤውም አልተቀበላትም። እሷ ግን ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ አለች። ሕገ መንግሥቱ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ለመዳኘት የተከራካሪዎቹን ፈቃድ ይጠይቃል። ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ሻረላት። የስልጤ ሕዝብም «ማንነታችን ለብቻው ይታወቅ» ብሎ ጉዳዩን እስከዚያው ምክር ቤት ድረስ አደረሰ፤ በመጋቢት 1993 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ የፈለገውን አገኘ። ሁለቱም የመጀመሪያው በር ሲዘጋባቸው ቤታቸው አልገቡም፤ ቀጣዩን አንኳኩ።

በሌላው ዓለም እንዴት እንደሚሠራም ትንሽ እንበል። በእንግሊዝ አገር አቤቱታን በወረቀት ለምክር ቤት ለማቅረብ የአንድ ሰው ፊርማ ይበቃል፤ የሚያቀርበው ግን አንድ የምክር ቤት አባል መሆን አለበት። አባሉ አቅርቦት ሲያበቃ ከአፈ ጉባኤው ወንበር ኋላ በተንጠለጠለ ከረጢት ውስጥ ይከታል፤ ከዚያም ለሚመለከተው ሚኒስቴር ይላካል። አሁን ደግሞ በኢንተርኔት የሚፈረም አለ፤ 10,000 ሰው ከፈረመ መንግሥት መልስ ይሰጣል፣ 100,000 ከፈረመ በምክር ቤት ለክርክር ይታሰባል። በጀርመን ሕገ መንግሥቱ ራሱ የአቤቱታ ኮሚቴ የሚባል በምክር ቤቱ ውስጥ እንዲኖር አዝዟል። እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። የትም አገር ቢሆን ምክር ቤቱ ራሱ ጉዳዩን አይፈጽምም፤ የሚፈጽመው አካል መልስ እንዲሰጥ ያደርጋል።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንግባ። አቤቱታችን የሚከተሉትን እንዲይዝ ኮሚቴው ተስማምቷል።

1ኛ. «ጉዳዩ፡-» በሚለው ቦታ አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ። ውሃና መንገድና ጤና ጣቢያ በአንድ ወረቀት ከታጨቁ የትኛው ኮሚቴ ይውሰደው? ለየጉዳዩ የየራሱ ወረቀት ይዘጋጅ።

2ኛ. የሆነው ነገር ከነቀኑ ይጻፍ። ጉድጓዱ መቼ ተቆፈረ፣ ቧንቧው መቼ ተዘረጋ፣ ሥራው መቼ ቆመ። «ከብዙ ጊዜ ጀምሮ» የሚል ቃል ማንንም አያስጨንቅም።

3ኛ. ከዚህ በፊት የጻፍናቸው ሁለት ደብዳቤዎች በአባሪነት ይያያዙ። መዝገብ ቤት ገቢ የሆኑበት ቁጥርና ቀን ይጠቀስ። ከእንግዲህ ማንም የማኅበራችን መልእክተኛ ገቢ ቁጥር ሳይቀበልና በቅጂው ላይ ሳያስመታ ከመሥሪያ ቤት አይውጣ።

4ኛ. ስድብ አይግባበት፣ ሙገሳም አይብዛበት። «ሌባ ናቸው» ብለን ያላየነውን አንጻፍ። ያየነው ያልተገጠመ ሞተር ነው፤ እሱን እንጻፍ።

5ኛ. በመጨረሻ የምንለምነው ሳይሆን የምንጠይቀው ይቀመጥ፤ ማን ይጠየቅልን፣ ምን ተብሎ፣ መልሱስ እስከ መቼ ይድረሰን።

6ኛ. ግልባጭ ይላክ። ዋናው ለወረዳው ምክር ቤት፣ ግልባጩ ለብሔረሰብ አስተዳደሩ ምክር ቤትና ለመረጥነው ተወካይ። በር አልዘለልንም፤ ግን ከላይ ያለው በር እንዲያውቅ አደረግን ማለት ነው።

7ኛ. ከአቤቱታው ጎን የመረጃ ጥያቄ ይቅረብ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መሥሪያ ቤቱም ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። «ለዚህ ጉድጓድ የተያዘው በጀት ስንት ነው? ስንቱስ ወጣ?» ብለን በጽሑፍ ብንጠይቅ መልሱ ለአቤቱታችን ማስረጃ ይሆነናል። መልስ ከከለከሉንም ክልከላው ራሱ ማስረጃ ነው።

ከመጨረሳችን በፊት በሹክሹክታ ስለሚነገሩ ሁለት ነገሮች በግልጽ እንነጋገር።

የመጀመሪያው ፍርሃት ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ ስሜ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ነገ እርዳታ ብከለከልስ?» የሚሉ አሉ። ፍርሃቱን አንንቅም፤ ያለ ምክንያት አልመጣም። ነገር ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም እነዚያው አባቶች ናቸው። መድኃኒቱ ብዙ ሆኖ መፈረም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? አንድ ሰው ሲፈርም አንገቱን ያወጣል፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲፈርም ግን ማንም ለብቻው አይለይም።

ሁለተኛው ተስፋ መቁረጥ ነው። «ስንት ጊዜ ተጻፈ፣ ምን ተገኘ?» ይባላል። እውነት ነው፤ ተጽፎ መልስ ያላገኘ ብዙ ወረቀት አለ። ወደፊትም መልስ የማያገኝ ይኖራል፤ ይህን ደብቀን ልናባብላችሁ አንፈልግም። ሆኖም መልስ ያጣ አቤቱታም ቁጥርና ቀን ካለው አይሞትም። ተመራጩ በምርጫ ጊዜ ሲመጣ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር ጽፈን ነበር፤ ምን አደረጉበት?» ብለን ማንበብ እንችላለን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባል የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ባጣበት ጊዜ ከምክር ቤቱ ሊወገድ ይችላል። ዱሮ ለንጉሥ የጮኸ ሰው ይህ አልነበረውም። እኛ አለን፤ የምንጠቀምበት ግን ማስረጃ ስንይዝ ብቻ ነው።

በዚህ መሠረት ኮሚቴው የሚከተለውን ለጉባኤው አቅርቦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

የውሃው አቤቱታ በአንድ ወረቀት፣ የመረጃው ጥያቄ በሌላ ወረቀት ተዘጋጅተው በመጪው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይነበባሉ። ኽምጣጛ ለሚቀላቸው እናቶችና አባቶች በኽምጣጛ ይተረጎማል። ያልገባው ይጠይቅ፤ ያላመነበት አይፈርም፤ የፈረመም ምን እንደፈረመ ይወቅ። መጻፍ የማይችል በጣት አሻራው ይፈርማል። ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች ናቸውና ቢያንስ እኩሌታው ፊርማ የሴቶች እንዲሆን ተወስኗል፤ ባሎች ስለ ሚስቶቻቸው መፈረም አይችሉም።

ወረቀቱን የሚያደርሱ ሦስት ሰዎች ተመርጠዋል። ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን በዚህ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ከዚያ በየወሩ መጀመሪያ «መልስ መጥቷል» ወይም «መልስ አልመጣም» ተብሎ ከሥሩ ይጨመራል። 60 ቀን አልፎ መልስ ካልመጣ ወደ ሰቆጣ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳርና ወደ እንባ ጠባቂው ቅርንጫፍ ይቀጥላል። የሰቆጣን ቃል ኪዳን የሚመለከተው ጥያቄ ደግሞ ምክር ቤቱ በመስከረም መጨረሻ ሲከፈት እንዲደርስ በክረምቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ ለተወካያችን በእጅ ይሰጣል።

የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ፣ ለእሑድ ይዛችሁት ኑ።

ከነዋሪዎች ማኅበሩ ኮሚቴ፣ ሰሃላ